ቪምን ለጀመረ ልጅ፦ ስለ መቅዳትና መለጠፍ

ልጄ፣ ሰርቨር ላይ መሥራት ስትጀምር ማውስ የማይሠራበት ጥቁር መስኮት ይጠብቅሃል፤ ጽሑፍ የምታርመውም በቪም ነው። እዚያ ጀማሪን የሚያስቸግረው ቀድቶ መለጠፍ ነውና ይህን ያዝልኝ።

1. ስምን ደጋግመህ አትጻፍ፤ ቅዳው። የከተማችንን ስም አንዱ «ፍኖተ ሰላም»፣ ሌላው «ፍኖተ ሠላም» ይለዋል። ለሰው አንድ ናቸው። ዩኒኮድ ግን ለ«ሰ» እና ለ«ሠ» የተለያየ ቁጥር ስለሰጠ፣ ለኮምፒውተር ሁለት ከተማ ናቸው፤ አንዱን ብትፈልግ ሌላው አይመጣም።

2. ትእዛዝ ከመስጠትህ በፊት ኢስኬፕን ተጫን፤ ኪቦርዱንም ወደ እንግሊዝኛ መልስ። አማርኛ ላይ ከተውከው ቪም የሚደርሰው «ይ» እንጂ ዋይ አይደለም፤ «ይ»ን ደግሞ በትእዛዝነት አያውቃትም።

3. ሦስት ቁልፍ ልመድ። ዋይ ይቀዳል፣ ዲ ይቆርጣል፣ ፒ ይለጥፋል። ዋይን ወይም ዲን ሁለቴ ብትመታ ሙሉ መስመር ይወስዳል። ከደምበጫ እስከ ቡሬ ያሉትን ከተሞች ስትዘረዝር ፍኖተ ሰላምን ከጅጋ አስቀደምክ እንበል። ፍኖተ ሰላም ላይ ቆመህ ዲ፣ ዲ፣ ፒ ምታ፤ ከጅጋ በታች ትወርዳለች።

4. ዲ የሚሰርዝ ብቻ አይምሰልህ፤ የቆረጠውን ይይዛል። ቀድተህ ሳትለጥፍ ሌላ መስመር ከቆረጥክ፣ ፒ የሚያመጣልህ የኋለኛውን ነው። አትደንግጥ፤ የቀዳኸው ዜሮ በሚባለው ሬጅስተር (የቪም ማስቀመጫ) ውስጥ አለ። ድርብ ጥቅስ፣ ዜሮ፣ ፒ ብለህ አውጣው።

5. የቪም ጎተራ ሌላ፣ የኮምፒውተሩ ጎተራ ሌላ ነው። በዋይ የቀዳኸውን ቴሌግራም ላይ ልለጥፍ ብትል ላታገኘው ትችላለህ። ቪሙ ያለው ራስህ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ከኮምፒውተሩ ጎተራ ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ ድርብ ጥቅስና የመደመር ምልክት አስቀድመህ ቅዳ። ከውጭ ወደ ሩቅ ሰርቨር ስታስገባ ደግሞ መጀመሪያ ኢንሰርት ወደሚባለው የመጻፊያ ሁነታ ግባ፤ ከዚያ በኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ ለጥፍ። የቆየ ቪም ከሆነ፣ ኢንሰርት ሳትገባ የለጠፍከውን ፊደል ሁሉ ትእዛዝ ነው ብሎ ይፈጽመዋል።

6. የለጠፍከውን ወዲያው ሴቭ አድርግ፤ መብራት አይታመንም። ድንገት ከጠፋብህ ፋይሉን መልሰህ ስትከፍት ቪም ስዋፕ ፋይል (ሴቭ ያላደረግከውን የያዘ መጠባበቂያ) አገኘሁ ይልሃል፤ ሪከቨር የሚለውን ምረጥ።

7. ያወቅከውን አትሰስት። ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር ቪምን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲያወጣ ዋጋ አልጠየቀበትም፤ የኋላ ኋላ ተጠቃሚውን የለመነው ለኡጋንዳ ችግረኛ ልጆች እንዲለግስ ነው። አንተም አጠገብህ የተቀመጠው ልጅ ሲቸገር ቁልፎቹን አሳየው።