አራት ለሦስት

(በቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ቦርድ ውስጥ በቅርቡ የተመረጠ ወጣት፣ ቀድሞ የሌላ ማኅበር ቦርድ ጸሐፊ ከነበሩ አዛውንት ጋር ያደረገው ምልልስ።)

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። ባለፈው በዝግ ስብሰባ ድምፅ ሰጠን። ቤት ስገባ ባለቤቴ ጠየቀችኝና እኔ እንደተቃወምኩ ነገርኳት። ሊቀ መንበሩ ሰምቶ ተቆጣኝ። የራሴን ድምፅ ለሚስቴ መንገር ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ጋሼ፦ ሊቀ መንበሩ ከማን ሰማ?

ወጣቱ፦ እንጃ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ከሚስትህ አልፏል። ስንት ናችሁ?

ወጣቱ፦ ሰባት። ድምፁም…

ጋሼ፦ ተወው፣ አትንገረኝ። አራት ለሦስት ነው እንበል። አንተ «ተቃውሜያለሁ» አልክ። ነገ ሁለተኛው ተቃዋሚ ስሙ እንዳይጠፋ «እኔም» ይላል፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛው። ያን ጊዜ አፋቸውን የዘጉት አራቱ እነማን እንደሆኑ ጎረቤት ሁሉ በጣቱ ይቆጥራቸዋል። ስለ ራስህ ብቻ የተናገርክ መሰለህ እንጂ የሰባቱንም ድምፅ ነው ያወጣኸው። ብዙ መቶ ሰው ባለበት ምክር ቤት የአንዱ መናገር ሌላውን አያጋልጥም፤ በሰባት ሰው ቦርድ ግን የቀረው በመቀነስ ይታወቃል።

ወጣቱ፦ እዚህ አገር ግን የካውንቲ ቦርድ አባላት ሕዝብ እያየ አይደል ድምፅ የሚሰጡት?

ጋሼ፦ ነው፤ ደግሞም ተገቢ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ የመንግሥት አካል ለሠራተኛ ጉዳይ ወይም ከጠበቃ ጋር ለመመካከር በር ዘግቶ እንዲነጋገር ይፈቅድለታል። ውሳኔው የሚጸናው ግን በሩ ተከፍቶ በግልጽ ድምፅ ሲሰጥበት ነው። እነሱ የሁሉን ግብር ነው የሚያዙበት። ማኅበራችሁ የመንግሥት አካል አይደለም፤ የምትገዙት በመተዳደሪያ ደንባችሁ ነው። ደንቡ ዝም ባለበት ደግሞ አብዛኛው ማኅበር የሚሄደው ወደ ሮበርት መጽሐፍ ነው። ሄንሪ ሮበርት የጦር መሐንዲስ ነበር። በ1863 እ.ኤ.አ. ኒው ቤድፎርድ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ምራ ብለውት ስብሰባው ተበጣበጠበትና ደንብ ማጥናት ጀመረ፤ መጽሐፉ በ1876 ወጣ። የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ የሚበጣበጠው የእኛ ብቻ ይመስለናል! በዚያ ደንብ መሠረት በዝግ ስብሰባ የተባለውንና የተደረገውን ያወጣ አባል በዲሲፕሊን ይጠየቃል። «የራሱ ድምፅ ሲሆን ግን ይቻላል» የሚል የለበትም።

ወጣቱ፦ በእርስዎ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብዎት ያውቃል?

ጋሼ፦ እንዴታ! ስሙን የማልጠራው አንድ ማኅበር ነበር፣ እኔ ጸሐፊው ነኝ። በደመወዝ የቀጠርነው አስተዳዳሪ ነበረን፤ የክርስትና ልጄ አባት ነው። ሒሳቡ ላይ ጥያቄ ተነሳና ይሰናበት፣ አይሰናበት ብለን በዝግ ተሰበሰብን። ሰባት ነን። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ ተሰናበተ። ውሳኔው በአንድ ድምፅ ብልጫ እንዳለፈ ብቻ ለጉባኤው ተነገረ። ሳምንት ሳይሞላ ከሰባቱ አንዱ ቡና ላይ ቁጭ ብሎ «እኔ እንኳ ላድነው ሞክሬ ነበር፤ ያስባረረው ጸሐፊው ነው» አለ። ከቡናው ወደ ፀጉር ቤቱ፣ ከፀጉር ቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። ለቅሶ ቤት ከአስተዳዳሪው ጋር ተገናኝተን እጄን ስዘረጋለት ፊቱን አዞረ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ሚስቱ የላክንላትን የፋሲካ ዶሮ መለሰች። ያ ወሬኛ ግን በዓመቱ በዓል ላይ «ላበረከተው አገልግሎት» ተብሎ ሽልማት ተሰጠው፤ የምስክር ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ጸሐፊ ነኛ! ፈርሜ ደግሞ አጨበጨብኩ።

ወጣቱ፦ የዋሸ ከሆነ መዝገቡን አምጥተው አያሳዩም ነበር?

ጋሼ፦ የመዝገቡ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላሳየሁም። ባሳየው የእኔ ስም ብቻ አይደለም የሚታየው።

ወጣቱ፦ ስለዚህ እርስዎ የተቃወሙት ወገን ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

ጋሼ፦ አላልኩም! ለአንተም አልነግርህም። አየህ፣ ምስጢሩን ያፈረሰው እንደ ልቡ ይናገራል፣ የጠበቀው ግን ስሙ ሲጠፋ መልስ እንኳ መስጠት አይችልም። እኔ የምለው ያ ሰው ከቦርዱ መሰናበት ነበረበት ነው። እኛ ግን «ይቅር ለእግዜር» ብለን አለፍነው። ይቅርታው መልካም፤ ቦርድ ላይ ማስቀጠሉ ግን ለምን? ከዚያ በኋላ በዚያ ማኅበር ዝግ ስብሰባ ላይ እውነቱን የተናገረ ሰው አላየሁም። ሁሉም «ብዙኃኑ እንዳለው» ማለት ጀመረ። ሰው ነገ ቡና ላይ እንደሚነሳበት ካወቀ ወዳጁን በሚመለከት ነገር ላይ በሕሊናው እጁን አያወጣም።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ምስጢር እኮ ክፉ ሥራንም ይሸፍናል። ደርግም የወሰነው በዝግ ነበር።

ጋሼ፦ ጥሩ አነሳህ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ የሚባሉት ባለሥልጣናት ሲገደሉ የደርጉ አባላት በር ዘግተው እጅ እያወጡ ነው የወሰኑት። ከመቶ በላይ ነበሩ፤ እያንዳንዱ እጁ በሌላው እጅ መካከል የሚጠፋ መስሎት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አሥራ ሰባት ዓመት ታውቀዋለህ። በ1987 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ከቀረቡባቸው ማስረጃዎች መካከል የገዛ ራሳቸው ሰነዶች ነበሩ። እኔ የምሟገተውም ለዚሁ ነው፤ ምስጢር ማለት አለመጻፍ አይደለም። በከባድ ጉዳይ ላይ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ፣ ማን ድምፀ ተአቅቦ አደረገ በየስሙ ይጻፍ፣ ይፈረም፣ ይቆለፍ። ፍርድ ቤት ሲያዝ ይከፈታል። ዳኞችንም ተመልከት፦ በር ዘግተው ነው የሚመክሩት፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሰጥ ግን ከሦስቱ አንዱ ዳኛ የተለየ ሐሳባቸውን አስመዝግበዋል። ምክራቸው ተደበቀ፣ አቋማቸው ተጻፈ።

ወጣቱ፦ በወረቀት ምስጢራዊ ድምፅ ብንሰጥ አይሻልም?

ጋሼ፦ እሱ ሌላ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ዶክተር ቴድሮስ ለዓለም ጤና ድርጅት መሪነት ሲመረጡ አገሮች በምስጢር ድምፅ ሰጡ፤ በመጨረሻው ዙር 133 ለ50 መሆኑ ተነገረ፣ የትኛው አገር ለማን እንደሰጠ ግን አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰውም አያውቅም። ለሰው ምርጫ ደግ ነው። ገንዘብና ሠራተኛ በአደራ ለተረከበ ቦርድ ግን አልወደውም፤ ነገ ኪሳራ ቢመጣ «እኔ ተቃውሜ ነበር» የሚለውን በምን ታረጋግጠዋለህ?

ወጣቱ፦ ውሳኔው ሕሊናዬን ቢከብደውስ? ዝም ልበል?

ጋሼ፦ ተቃውሞህን በቃለ ጉባኤው አስመዝግብ። ካልበቃህ ከቦርዱ ውጣ፤ ወጥተህም ያየኸው ምስጢር እንደሆነ ይቀጥላል። ስርቆት ካየህ ግን ለኦዲተር፣ ለጠበቃ፣ ለሕግ ተናገር፤ ሌባን የሚሸፍን ደንብ የለም። ሕግና ቡና ቤት ግን ለየቅል ናቸው።

ወጣቱ፦ የዝግ ስብሰባው ቃለ ጉባኤ ግን በሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ ላይ አባላት በተገኙበት ይነበባል ብለናል።

ጋሼ፦ ኧረ ተው! የዝጉ የሚነበበውም የሚጸድቀውም በዝግ ነው።

ወጣቱ፦ ያን ለማጽደቅ ሌላ ዝግ ስብሰባ እንጥራ? የዚያኛውን ቃለ ጉባኤስ ማን ያጸድቀዋል?

ጋሼ፦ ይህን ሮበርት አስቦበታል። ቃለ ጉባኤ ለማጽደቅ ብቻ የተዘጋ ስብሰባ ከሆነ የራሱ ቃለ ጉባኤ እዚያው እንደጸደቀ ይቆጠራል። አለዚያማ እስክንሞት እንሰበሰብ ነበር።