የአገልግሎት ሒሳብ በአውሮፓ ምግብ ቤቶች

ከባሕር ማዶ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ዋጋ ሲነገረው፥ መጓጓዣውና መድኑ ተጨምሮበት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል። ለሥራ ወደ አውሮፓ ሲሄድም በምግብ ቤት ይህንኑ ጥያቄ ማንሣት ይገባዋል። የአገልግሎት ሒሳብ በየአገሩ ደንቡ ልዩ ልዩ ነውና፥ የሦስቱን አገሮች ሥርዓት ከዚህ በታች እንመለከታለን፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በፈረንሳይ በ1987 የወጣው ደንብ፥ ምግብ ቤቶች ምግብ በሚያቀርቡበት ሰዓት የዋጋውን ዝርዝር በውጭ በኩል እንዲለጥፉ ያዛል። የሚጻፈውም ዋጋ ቀረጡንና አገልግሎቱን የጠቀለለ ነው። ስለዚህ 30 ዩሮ የተባለ ምሳ የሚከፈልበት 30 ዩሮ ነው፤ ለአሳላፊው ጉርሻ መጨመር የእንግዳው ፈቃድ ነው።

በኢጣልያ ለገበታ ልብሱ፥ ለዕቃውና ለዳቦው በያንዳንዱ ሰው የሚታሰብ «ኮፔርቶ» የሚባል ክፍያ አለ። ሮማ የምትገኝበት የላትሲዮ ክፍለ ሀገር በ2006 ባወጣው ሕግ ይህን ከልክሏል። በሌላው ክፍል ግን በዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ከታየ ይከፈላል፤ እንግዳውም ከማዘዙ በፊት ዝርዝሩን እስከ ግርጌው ማንበብ ይኖርበታል።

በእንግሊዝ፥ ይልቁንም በሎንዶን፥ በሒሳቡ ላይ ከመቶ 12 ተኩል መጨመር የተለመደ ነው። የ80 ፓውንድ ምግብ 10 ፓውንድ ታክሎበት 90 ይሆናል። ጭማሪው «በፈቃድ» ተብሎ ከተጻፈ፥ እንግዳው እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። ገንዘቡ የባለቤቱ ነው ወይስ የሠራተኛው የሚለው ክርክር ለብዙ ጊዜ ቆይቶ፥ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የጸና ሕግ፥ አሠሪው ከሚገባው ግብር በቀር ምንም ሳያስቀር ለሠራተኞቹ እንዲያከፋፍል አዟል።

ደንቦቹ ቢለያዩም መነሻቸው አንድ ነው። ጨርቅ የገዛ ሰው ዋጋው ካልተስማማው ዕቃውን ትቶ ይሄዳል፤ የተበላ ምግብ ግን አይመለስም። ስለዚህ ስምምነቱ የሚጸናው ዋጋው ከማዘዝ በፊት በሙሉ ሲታወቅ ነው። አሳንሶ አሳይቶ በመጨረሻ የሚጨምር ባለ ምግብ ቤት የዕለቱን ትርፍ ያገኛል፤ ደንበኛውን ግን ያጣል። ይህ ለባለ ሱቅም፥ ለአስመጪም፥ ለላኪም እኩል የሚሠራ ትምህርት ነው።