የኮሶ ልኩ ስንት ነው?

ኮሶ የኮሶ ትልን ማስወጣቱን አባቶቻችን በሚገባ ያውቁታል። እኛ ተማሪዎች ልንጠይቅ የሚገባን ስንት ይጠጣ የሚለውን ነው።

በእፍኝ የሚሰፈር መድኃኒት ቁርጥ ያለ ልክ የለውም። የደረቀው አበባ ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፤ አዲሱ ግን ይበረታል። ስለዚህ ትናንት የተስማማን እፍኝ ዛሬ ሊጎዳን ይችላል። ጉዳቱም ማስታወክና ተቅማጥ ብቻ አይደለም፤ ከልክ ያለፈ ኮሶ የዓይንን ነርቭ ጎድቶ ብርሃን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ነፍሰ ጡር ሴትም ፈጽሞ ልትጠጣው አይገባም።

አበባው ተጨምቆ ሲወፍር አደጋው ይብሳል፤ በአንድ ማንኪያ የብዙ እፍኝ ኃይል ይገባልና። ይህም ለኮሶ ብቻ የተነገረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ለአንዳንድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች የተፈቀደው፣ ከካናቢስ የወጣው የዘይት መድኃኒት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም መያዙ ተለክቶ በታማሚው ክብደት ይታዘዛል። መድኃኒት ያሰኘው ልኩ ነው።

እንግዲህ በኪቶ ፉርዲሳ ጥሬ ሥጋ የምንወድ ሁሉ፣ ትል ሲታየን ወደ ሐኪም እንሂድ። ለአዋቂ የሚታዘዘው ኒክሎሳማይድ 2 ግራም ነው፤ ልኩ የታወቀ። ኮሶ ጠጥቶ ዓይኑ የፈዘዘበት ጓደኛ ቢኖር ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሥጋውን አብስሎ መብላት ነው።