ከመካነ ሰላም ጅዳ፦ የበረራ ርቀትና ሰዓት አሰላል

የመካነ ሰላም ኤርፖርት ኤም ኬ ኤስ የሚል ዓለም አቀፍ ኮድ አለው። ስለዚህ ርቀት የሚያሰላ ድረ ገጽ ከዚያ እስከ ጅዳ 1,215 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በረራውም ከሁለት ሰዓት በታች ነው ሊልዎት ይችላል። ርቀቱ ልክ ነው፤ ጉዞው ግን ሌላ ነው፤ የጅዳው አውሮፕላን የሚነሳው ከቦሌ ነውና። እውነተኛውን ስሌት በእስክሪብቶና በወረቀት ይሥሩት።

1. ኬክሮስና ኬንትሮስ ይያዙ። ጉግል ማፕ ላይ ቦታውን በጣትዎ ተጭነው ሲቆዩ ሁለት ቁጥር ይወጣል፤ ፊተኛው ኬክሮስ፣ ኋለኛው ኬንትሮስ ነው። ቦሌ 8.98 እና 38.80፣ ጅዳ 21.68 እና 39.16፣ መካነ ሰላም 10.75 እና 38.75 ገደማ ናቸው።

2. ኬክሮሱን ይቀንሱ። የሦስቱ ኬንትሮስ ስለሚቀራረብ በአንድ የሰሜንና ደቡብ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። 21.68 ሲቀነስ 8.98፣ 12.70 ይሆናል። አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከቦሌ ጅዳ 1,410 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚሁ ስሌት ከመካነ ሰላም ቦሌ በአየር 196 ኪሎ ሜትር ነው። በካርታው ቀጥተኛ መስመር ከሄድን የመካነ ሰላም ተጓዥ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከዚያ በአገሩ ሰማይ አጠገብ ወደ ሰሜን ይመለሳል።

3. ኬንትሮሱም ከተራራቀ ሁለቱንም ልዩነት ያስገቡ። ከቦሌ ዱባይ የኬክሮሱ ልዩነት 16.27፣ የኬንትሮሱ 16.56 ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ ሲሄዱ ስለሚቀራረቡ ሁለተኛውን በመካከለኛው ኬክሮስ ኮሳይን፣ እዚህ በ0.956፣ ያባዙ፤ 15.83 ይመጣል። የሁለቱን ስኩዌር ደምረው ስኩዌር ሩት ሲያወጡ 22.70፣ በ111 ሲባዛ 2,520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንደ ዋሽንግተን ላለ ሩቅ አገር ይህ ዘዴ ያሳስታል፤ በሉል ላይ ክር ወጥረው ይለኩ።

4. ወደ ሰዓት ይለውጡ። ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ በሰዓት ለ850 ኪሎ ሜትር፣ አካፍለው ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ጅዳ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ነፋስና የበረራ መስመር ትንሽ ሊያዛቡት ይችላሉ።

5. የትኬቱን ሰዓት ወደ እኛ ይመልሱ። 6 ይቀንሱ፤ ውጤቱ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ይቀንሱለት፤ ሰዓቱ 0 ከወጣ 12 ብለው ያንብቡት። ከ06:00 በፊት ከሆነ ግን 6 ይደምሩ። «ማክሰኞ 01:30» ማለት ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7:30 ነው፤ ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ አምልጦታል። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጅዳ ከእኛ ጋር በሰዓት እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል።

6. ከበረራው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ለውጭ በረራ ከሦስት ሰዓት በፊት ቦሌ መገኘት ይሻላል፤ ለዚህኛው ትኬት ሰኞ ከምሽቱ 4:30 መሆኑ ነው። በደሴ በኩል ከመጡ ከደሴ አዲስ አበባ ብቻውን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከመካነ ሰላም ቅዳሜ ይነሱ። መኪና ቢበላሽ ወይም መንገድ ቢዘጋ እሑድ መጠባበቂያ ይሆንዎታል።