የጡት ካንሰር ሕክምናና የቀጠሮው ነገር

የጡት ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ሆኖም ሕክምናው አለቀ ማለት ቀጠሮው አለቀ ማለት አይደለም። በሽታው ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ይችላል።

ከሸዋ ሮቢት ተነስታ፣ ጣርማበርንና ደብረ ብርሃንን አልፋ፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የምትታከም እናት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። ታዲያ «አንዱ ሐኪም አይቶኝ የለም እንዴ? ሌላው ለምን ይጠራኛል?» ብትል አይፈረድባትም። ነገር ግን የሐኪሞቹ ሥራ የተለያየ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ጠባሳውን፣ ብብቷንና ሌላውን ጡት ይዳስሳል። የጨረር ሐኪሙ ጨረር ያረፈበትን ቦታ ያያል። መድኃኒት ያዘዘው ሐኪም ደግሞ ኪኒኑን ይከታተላል። ታሞክሲፌን የሚባለውን ኪኒን 5 ዓመትና ከዚያም በላይ በየቀኑ የሚውጡ አሉ። «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ ጉዳት አለው። ይህን ኪኒን የምትወስድ ሴት፣ ያለ ጊዜው ደም ካየች፣ የማህፀን ሐኪምም ሊያያት ይገባል።

አዲስ እብጠት፣ የማይለቅ የአጥንት ሕመም ወይም የክንድ ማበጥ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

አንዱ ሐኪም የሌላውን ጽሑፍ እንዲያይ ወረቀቱ ሁሉ በአንድ ፌስታል ይያዝ። የቀጠሮ ካርዱንም እዚያው አንብቡ። ቀኑ በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር? ብላችሁ ጠይቁ። 5/2 የሚለው በእኛ ጥቅምት 5 ነው፤ ገና ማሽላው ሳይሰበሰብ። በፈረንጅ ከሆነ ግን የጥር ወር መጨረሻ ነው።