ዲግሪው የማን ዕዳ ነው?
ስለ ዩኒቨርሲቲ ወጪና ስለ ወጪ መጋራት ውል ለምእመናንና ለካቴኪስቶች የቀረበ ትምህርት



የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ተሰምቶ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚገለጽበት ሰሞን ወደ ቁምስናችን የሚመጣው ወላጅ ይበዛል። አንዱ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ ይመጣል፤ ሌላው ምክር ፍለጋ ይመጣል። ምክር ፈልገው ከመጡት መካከል አንዲት የፉሪ እናት ነበሩ። እንጀራ እየጋገሩ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ደንበኞቻቸው ያደርሳሉ፤ ባለቤታቸው የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። የበኵር ልጃቸው የማለፊያ ነጥብ አምጥቶ ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድቧል። እርሳቸው ግን በከተማው ውስጥ ባለ የግል ኮሌጅ ሊያስገቡት ወስነዋል፤ ለመጀመሪያው መንፈቅ የሚከፈለውንም ገንዘብ ከአንድ አበዳሪ ለመውሰድ ተነጋግረዋል።

«መምህር» አሉት ካቴኪስቱን፤ «የመንግሥቱ ትምህርት ዕዳ ነው ይላሉ። ልጄ ፈርሞ ከገባ ዲግሪውን ይይዙበታል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲከፍል ይኖራል። እኔ ብበደር ይሻላል። የእኔ ዕዳ የእኔው ነው።»

ካቴኪስቱ የሚመልሰው አጣ። እርሱ ራሱ የተማረው ወጪ መጋራት ከመምጣቱ በፊት ስለነበረ፣ የውሉን ወረቀት በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው እንደ እርሱ ላሉት ነው።

አስቀድመን «ነጻ ትምህርት» ስለምንለው ነገር ጥቂት እንበል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት በኃላፊነት የመሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ሉሲየን ማት እንደ ነበሩ ብዙዎቻችን እናውቃለን። በዚያ ዘመን ተማሪው ለትምህርቱ አይከፍልም ነበር፤ ማደሪያውንና ቀለቡን የሚችለውም መንግሥት ነበር። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ከሌሎች ተቋማት ጋር ተጣምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም፣ ከዚያም በደርግ ዘመን፣ ይኸው ሥርዓት ጸንቶ ቆይቷል። ሆኖም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ አብዛኞቹም በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ይላኩ ነበር። ይህም በገንዘብ ያልተከፈለው በጉልበትና በዕውቀት እንዲመለስ መታሰቡን ያመለክታል። ስለዚህ የመክፈል አሳብ በ1990ዎቹ ድንገት ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ተማሪው ካልከፈለ ታዲያ ማን ይከፍል ነበር? የዩኒቨርሲቲው እንጀራና ወጥ፣ የመምህሩ ደመወዝና የቤተ መጻሕፍቱ መብራት ከሕዝብ ግብር ይወጣ ነበር። ዛሬ ቤትና አስፋልት በሆነው በፉሪ ተራራ ግርጌ ያርስ የነበረው ገበሬ ግብሩን ገብሯል፤ ልጁ ግን ከዩኒቨርሲቲው በር የደረሰው በስንት አንድ ነው። ያልተማረው ለተማረው ሲከፍል ኖሯል ማለት ነው። ይህን ያነሣነው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የዚህ ትምህርት ጸሐፊም በዚያው ገበሬ ገንዘብ ከተማሩት አንዱ ነውና።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 የከፍተኛ ትምህርትን ወጪ ተማሪው እንዲጋራ ደነገገ፤ በ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመንም ሥራ ላይ ዋለ። ደንቡ ሲወጣ ያስቀመጠው መሠረት ይህ ነው፦ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 15 እጁን ይሸፍናል። ገንዘቡን ዛሬ አይጠየቅም። ተመርቆ፣ የእፎይታ ጊዜው አልፎ ገቢ ሲያገኝ ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እየተቀነሰ፣ ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይከፍላል። አስቀድሞ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ አለው። ለመምህርነት የሚሠለጥነው ደግሞ በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት የሚከፍልበት መንገድ ተትቶለታል። ዝርዝሩ በየጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል፣ የሚያስተማምነው ተማሪው በዚያው ዓመት የሚፈርምበት ወረቀት ነው።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ብቻ ወስደናቸዋል። የአንድ ምሩቅ ድርሻ ተደምሮ 36,000 ብር ቢሆንና የወር ደመወዙ 9,000 ብር ቢሆን፣ በየወሩ 900 ብር ይቀነስበታል፤ በ40 ወር፣ ማለትም በሦስት ዓመት ከአራት ወር ይጨርሳል። ደመወዙ ሲያድግ ክፍያው ይፈጥናል። ሥራ ካላገኘ ደግሞ የሚቀነስበት ደመወዝ የለም።

እናትየዋ ሊወስዱት ያሰቡትን ብድር ከዚህ ጎን እናስቀምጠው። አበዳሪው 20,000 ብር ሰጥቶ በወር ከመቶ 10 ቢጠይቅ፣ ወለዱ ብቻ በየወሩ 2,000 ብር ነው። ዓመት ሙሉ 24,000 ብር ተከፍሎ ዋናው 20,000 ብር እንዳለ ይቀመጣል። አራጣ በአገራችን ሕግ ወንጀል ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ከጥንት ጀምሮ ስታወግዘው ኖራለች፤ እንዲህም ሆኖ በየሰፈሩ ስሙን ለውጦ ይኖራል። ይህ ብድር ልጁ እስኪመረቅ አይጠብቅም፤ እንጀራው ተሸጦ ቢያድር ባያድር ግድ የለውም። «የእኔ ዕዳ የእኔው ነው» የሚለው የእናት አንጀት የሚያስከብር ነው፤ ነገር ግን እርሳቸው ወለዱን መክፈል ሲያቅታቸው ከኮሌጁ የሚቀረው ያው ልጃቸው ነው።

ዲግሪ ይያዛል የተባለው ግን ከንቱ ወሬ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ለምሩቁ ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ሰጥተው፣ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕቱን የወጪ መጋራቱ ዕዳ መከፈሉ እስኪረጋገጥ ማቆየታቸው የተለመደ ነው። ሥራ ፈላጊውን ወጣት ይህ ይጎዳዋል፤ በተለይ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሚሄደው ወይም ዋናውን ካላየሁ የሚል ቀጣሪ የገጠመው ይቸገራል። ከቁምስናችን ልጆች አንዱ ቀጣሪው ለሁለት ዓመት ያህል ከደመወዙ ሲቀንስ ቆይቶ፣ ክሊራንስ ሊያወጣ ሲሄድ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ገቢ የሆነ ገንዘብ እንደሌለ ተነግሮታል። ያዳነው እናቱ በሻንጣ ያስቀመጡለት የደመወዝ ወረቀቱ ነው። እንግዲህ ተቀጣሪ ልጆቻችሁን በየወሩ ምን እንደ ተቀነሰ የሚያሳየውን ወረቀት አትጣሉ በሏቸው፤ በየዓመቱም ገቢ መሆኑን ይጠይቁ።

በውሉ ውስጥ ብዙዎች ሳያዩት የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ምግብና መኝታ በዓይነት ወይም በገንዘብ የሚመረጥበት ቦታ አለው። የፉሪ ልጅ አዲስ አበባ ተመድቦ ከቤቱ በታክሲ እየተመላለሰ የሚማር ከሆነ፣ የማይተኛበትን አልጋና የማይበላውን ምግብ እንደ ተጠቀመ አድርጎ መፈረም የለበትም። የምግቡን በገንዘብ የሚወስዱትን ተማሪዎች ጓደኞቻቸው «ነን ካፌ» ይሏቸዋል፤ ይህም ገንዘብ ስጦታ ሳይሆን በዕዳው ላይ የሚደመር ነው። ከፉሪ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ስድስት ኪሎ ደርሶ ለሚመለስ ተማሪ ግን የታክሲው ወጪ ብቻ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት አባትም እናትም ልጁም አንድ ላይ ተቀምጠው ሒሳቡን ይሥሩ። ግንብ ሊሠራ አስቦ አስቀድሞ ወጪውን ስለሚያሰላው ሰው ጌታችን የተናገረውን (ሉቃ. 14) በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የምታስተምሩ ካቴኪስቶች፣ ለዚህ ቀን የተዘጋጀ የሚመስል ምሳሌ በእጃችሁ አለ።

ይህን ስንል የግል ኮሌጅን ማናናቃችን አይደለም። የመንግሥት ቦታ ለሁሉ አይደርስም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም 3.2። የቀን ሥራ እየሠራ በማታ የሚማር ወጣትም ከከተማው ሊወጣ አይችልም። የግል ኮሌጅ ለሚመርጥ የምንለው ይህ ነው፦ የወጪ መጋራቱ ብድር የመንግሥት ተቋማት ነውና በዚያ አይገኝም፤ ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ወይም በየወሩ ሲሆን፣ ከመመዝገቢያና ከድጋሚ ኮርስ ክፍያ ጋር እስከ ምረቃ ተደምሮ ይታይ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለትምህርት ክፍሉና ለካምፓሱ ስለሆነ፣ ኮሌጁ ዕውቅና አለው መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ልጁ በሚማርበት ግቢ ለሚማረው ትምህርት መኖሩ ይጠየቅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናን ሳያልፉ ዲግሪ እንደማይገኝም መርሳት አይገባም፤ ክፍያውን የጨረሰ ሁሉ ትምህርቱን ጨረሰ ማለት አይደለምና።

የሌላውም አገር ሁኔታ ከእኛ ብዙ አይርቅም። አውስትራሊያ ለጥቂት ዓመታት ከክፍያ ነጻ ያደረገችውን ከፍተኛ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1989 ከገቢ ላይ በሚቀነስ ክፍያ ለውጣለች፤ የእኛም ሥርዓት ከዚያ ጋር ይመሳሰላል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1974 የተማሪ ብድር ብትጀምርም ብዙ ምሩቃን ሳይመልሱ ስለቀሩ፣ በ1995 ብድሩን የሚያስመልስ ቦርድ ማቋቋም ግድ ሆነባት። ያልተመለሰው ገንዘብ ቀጥሎ ለሚመጣው ልጅ ይሆን የነበረ ነው። ዕዳውን ለመሸሽ መንገድ የሚፈልግ ወጣት ቢያማክራችሁ ይህን ንገሩት።

እኛስ እንደ ቁምስና ምን እናድርግ? ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው ሰነድ፣ ተስፋ የሚጣልባቸው ድሆች ተማሪዎች ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚገቡበት መንገድ እንዲቀልላቸው አሳስቧል። በፉሪ ይህ ትልቅ ነገር መሆን የለበትም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ በአብዛኛው የሚቸገረው በጉዞ፣ በብርድ ልብስ፣ በኮፒና በኪስ ገንዘብ ነው፤ ይህም በእድርና በእቁብ ዐቅም የሚደረስበት ነው። በቁጠባና ብድር ማኅበር የታቀፉ ምእመናንም የአንድ መንፈቅ ክፍያን ያለ አራጣ ሊያበድሩ ይችላሉ። ዋስ ለመሆን የምትጠየቁ ግን ሲራክ በምዕራፍ 29 የጻፈውን አንብቡ፤ ለባልንጀራ ዋስ መሆንን ያመሰግናል፣ ዋስትና ብዙ ቤቶችን እንዳፈረሰም አይሸሽግም። ዐቅማችሁን ለክታችሁ ፈርሙ።

ካቴኪስቱ የውሉን ቅጂ ከአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ተቀብሎ፣ ከእኒያ እናትና ከልጃቸው ጋር በቁምስናው አዳራሽ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አነበቡት። ልጁ ስሌቱን በደብተሩ ጀርባ ሠራው። እናትየዋ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ዕዳውስ ገባኝ» አሉ፤ «ያስጨነቀኝ እርሱ ብቻ አልነበረም። መንገዱን ነው የፈራሁት። በሰላም ለመድረሱ ማን ይፈርምልኛል?»

ለዚህ ከወረቀቱ የሚነበብ መልስ አልነበረም። ካቴኪስቱ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመድበው የነበሩ ሁለት የሰፈሩን ልጆች ፈልጎ አገናኛቸው፤ የመድረሻውን ከተማ ቁምስና ስልክም ከሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ሰጣቸው። አበዳሪው ጋ ሳይሄዱ ቀሩ። ልጁ ከሁለቱ ጋር አንድ ላይ ተሳፈረ፤ የመሳፈሪያውን ገንዘብ የሰጡት የእናቱ እቁብተኞች ናቸው።