ኮሶ፦ የደጋው መድኃኒት ጥቅሙና አደጋው



የዒድ አል-አድሐ (ዐረፋ) በዓል ካለፈ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ፣ በሰፈርና በረቢዑል አወል ወራት ግድም፣ በብዙ ቤቶች ውስጥ በሹክሹክታ የሚነሳ አንድ ጉዳይ አለ። አንዱ የቤተሰብ አባል ኢስቲንጃ ሲያደርግ ወይም ልብሱን ሲያወልቅ ነጭ፣ ጠፍጣፋና የሚንቀሳቀስ ነገር ያያል። በዓሉ ላይ የተበላው ጥሬ ሥጋ ውጤቱን ያሳየው ያን ጊዜ ነው። የኮሶ ትል በሰው አንጀት ውስጥ አድጎ ቁራጮቹን ማስወጣት እስኪጀምር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያህል ይፈጅበታልና።

ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ ሐኪም ዘንድ መሄድ እናፍራለን። ከታላቁ አንዋር መስጂድ ሰግደን እንደወጣን ወደ መርካቶ ቅመማ ቅመምና የባህል መድኃኒት ሻጮች ጎራ ብለን የደረቀ የኮሶ አበባ ገዝተን እንገባለን። እናቶቻችንና አያቶቻችን ሲያደርጉት ያየነው ነውና ምንም አያስፈራንም። በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን ይህን አበባ በጥሞና እንመለከተዋለን። ኮሶ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ የሚያስፈራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኮሶ ምንድን ነው?

በአማርኛ ትሉም ዛፉም መድኃኒቱም «ኮሶ» ይባላሉ። የኮሶ ዛፍ በሳይንሳዊ ስሙ «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ሲሆን ከጽጌረዳ ቤተሰብ ይመደባል። በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ተራሮች ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ይበቅላል። በባሌ ተራሮች፣ በዲንሾ አካባቢ፣ ያረጁ የኮሶ ዛፎች ዛሬም ይታያሉ። ሴቴና ወንዴ ዛፉ የተለያየ ነው። ለመድኃኒትነት የሚፈለገው ወደ ቀይ የሚያደላው የሴቴው ዛፍ አበባ ነው።

ኮሶ በታሪካችንም ስም ያለው ነው። የአፄ ቴዎድሮስ እናት በችግራቸው ዘመን ኮሶ ይሸጡ ነበር እየተባለ ይነገራል፤ ጠላቶቻቸውም ንጉሡን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር እንሰማለን። እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ በአገራችን የቆየው የስኮትላንድ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ዛፉ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አበባው ወደ አውሮፓ እየተላከ በፋርማሲ ይሸጥ ነበር።

ዛፉ ግን እየተመናመነ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ኮሶ ነበር።

እንዴት ይሠራል?

በኮሶ አበባ ውስጥ ኮሶቶክሲንና ኮሲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ ትሉን ያደነዝዙትና ከአንጀት ግድግዳ ላይ እንዲላቀቅ ያደርጉታል። አበባው ያስቀምጣልና የተላቀቀው ትል አብሮ ይወጣል። አያቶቻችን ጠዋት በባዶ ሆድ ጠጥተው እስኪያስቀምጣቸው እህል ሳይቀምሱ የሚጠብቁት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የትሉ አካል ብቻ መሆኑ ነው። ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ትሉ እንደገና ያድጋል፤ ሰውየውም ከወራት በኋላ ሌላ ኮሶ ይጠጣል። ቀድሞ ሰዎች በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣትን ልማድ ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ችግር ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ ትሉን የሚያደነዝዘው መርዝ ሰውንም ይጎዳል።

አደጋው የት ላይ ነው?

ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ከባድ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠትና ድካም ያመጣል። ሰውነት ውኃ አጥቶ ሰው ራሱን እስከ መሳትና እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ኮሶ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን የማየት ነርቭ ይጎዳል። በአገራችን ኮሶ ጠጥተው ዓይናቸው የታወረ ሰዎች ጉዳይ በሐኪሞች ተመዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ነርቩ ከሞተ በኋላ ዓይኑን መልሶ የሚያበራ ሕክምና የለም።

«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠጣው ኖራለች፤ ምንም አልሆነችም» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ እፍኝ ኮሶ ውስጥ ምን ያህል መርዝ እንዳለ ማን ያውቃል? የእናታችን እፍኝና የልጃችን እፍኝ እኩል አይደለም። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው ይለያል፤ ትኩሱና በመጋዘን የከረመው፣ ሴቴውና ከወንዴው የተደባለቀው አንድ ዓይነት ኃይል የላቸውም። ሻጩ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ ክብደቱን እንጂ በውስጡ ያለውን መመዘን አይችልም። ባለፈው ዓመት በደህና ያለፈው መጠን ዘንድሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ የሚከተሉት ሰዎች ኮሶን በምንም መንገድ መጠጣት የለባቸውም፦

– ነፍሰ ጡር ሴቶች። ኮሶ ፅንስ ሊያስወርድና የእናቲቱንም ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።
– የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት። የልጅ ሰውነት ትንሽ በመሆኑ ለአዋቂ «ትንሽ» የተባለው ለእርሱ ብዙ ነው።
– አረጋውያን፣ አቅመ ደካሞች፣ የጉበት፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የዓይን ሕመም ያለባቸው።
– ጾመኞች። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምሱ ውለው በኢፍጣር ሰዓት በባዶ ሆድ ኮሶ መጠጣት ጉዳቱን ያብሳል።

«እንቆቆና መተሬስ?»

በመርካቶ ከኮሶ ጎን እንቆቆና መተሬም ይሸጣሉ፤ ለኮሶ ትልም ይወሰዳሉ። የእንቆቆ የቅርብ ዘመድ የሆነ ተክል በህንድ «ቪዳንጋ» ተብሎ «አዩርቬዳ» በሚባለው ጥንታዊ ሕክምናቸው ለትል ሲሰጥ ኖሯል። በተራራ የተለያዩ ሕዝቦች አላህ በየአገራቸው ካበቀለው ተክል ለአንድ በሽታ ተመሳሳይ መድኃኒት ማግኘታቸው ያስደንቃል። ሆኖም የባሕር ማዶ ጥንታዊ ሕክምናም ሆነ የእኛው፣ ጥንታዊነቱ ብቻውን መጠኑን አይነግረንም። ስለ ኮሶ መጠን የተናገርነው በእነዚህም ላይ ይሠራል። በተለይ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ቀላቅሎ መጠጣት የባሰ አደጋ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አልሐምዱሊላህ፣ ለኮሶ ትል ቀላልና የተመጠነ መድኃኒት አለ። ፕራዚኳንቴል በሰውየው ክብደት ልክ ተሰልቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ነው። ኒክሎሳማይድም በደንብ ታኝኮ በአንድ ጊዜ ይወሰዳል። ለሌሎች የሆድ ትሎች የሚሰጠው አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ግን ለኮሶ ትል አስተማማኝ አይደለምና በእርሱ አትተማመኑ። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሚጥል በሽታ፣ የዓይን ችግር ወይም እርግዝና ካለ ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ። ከሕክምናው በኋላ በሦስት ወር ውስጥ የትሉ ቁራጮች እንደገና ከታዩ ተመለሱ።

ማፈር አያስፈልግም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አስተምረውናል፤ ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑንም እንዲሁ። ለጎረቤታችን ልጅ ኮሶ በጥብጠን የምንሰጥ ሰዎች ይህን ልናስብ ይገባል።

ምናልባት አንድ ሰው ኮሶ ጠጥቶ ዓይኑ ከደበዘዘበት፣ ትውከቱ ወይም ተቅማጡ አልቆም ካለ፣ ወይም ከደከመ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የተረፈውንም ኮሶ ለሐኪሙ አሳዩ።

ሐላል ሥጋና የኮሶ ትል

በመጨረሻ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ እናርም። «ሥጋችን ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ ሐላል ስለሆነ ኮሶ የለውም» የሚሉ አሉ። በሸሪዓው መሠረት መታረዱ ሥጋውን ሐላል ያደርገዋል እንጂ በጡንቻው ውስጥ ያለውን የትል እንቁላጢት አይገድለውም። በሬው ይህን የሚያገኘው በሰው ዐይነ ምድር ከተበከለ ሣርና ውኃ ነው። እንቁላጢቱ በጣም ትንሽ በመሆኑ ጥቂት ሲሆን ከሥጋ መርማሪ ዓይንም ሊያመልጥ ይችላል። በቤታችንና በሰፈራችን የሚታረደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መርማሪም አያየው። ስለዚህ፦

1. ሥጋን መሐሉ ቀይ እስከማይሆን ድረስ አብስላችሁ ብሉ። ለብለብ ክትፎ ትሉን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። ሚጥሚጣ፣ አዋዜም ሆነ ሎሚ ይገድለዋል ብላችሁ አትመኑ።
2. ጥሬ ሥጋ አልተውም የሚል ሰው ሥጋውን በትንንሹ ቆርጦ፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ወይም ከዚያ በበለጠ ቅዝቃዜ፣ መብራት ሳይቋረጥ ቢያንስ 6 ሙሉ ቀን ያቆየው። ይህ ከትሉ እንጂ በጥሬ ሥጋ ከሚተላለፉ ሌሎች በሽታዎች ሁሉ አያድንም።
3. ሽንት ቤት እንጠቀም፤ ሜዳ ላይ አንጸዳዳ። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የሚቀጥለውን ዓመት በሬ እየበከለ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ኮሶን የምናከብረው ዛፉን ተክለንና ተንከባክበን ይሁን። ሆዳችንን ግን ለተመጠነ መድኃኒት እንስጠው። በአንድ ቀን ጽዋ የሚጠፋ ዓይን በዕድሜ ልክ ገንዘብ አይገዛምና።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ ለታመሙትም ሺፋውን ይላክላቸው። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።